ከታች ይሠራል፣ ከላይ እምቢ

የድሮ ቡም ሊፍት አልነሳ ሲል ሁሉም ፓምፑን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከታችስ ይሠራል?» ብዬ ነው። ከመሬቱ መቆጣጠሪያ ክንዱ ከተነሳ፣ ከቅርጫቱ ግን እምቢ ካለ፣ ሞተሩንና ፓምፑን ተዋቸው። ጣጣው ከላይ ነው፦ የእግር ፔዳሉ፣ ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ፣ ወይም ከክንዱ ጋር ዓመታት ሲተጣጠፍ የኖረው ኬብል። ይሄ ኬብል ተንኮለኛ ነው። ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል፤ ክንዱ ሲዘረጋ ግንኙነቱ ይጠፋል፣ ሲሰበሰብ ይመለሳል።

ቴስተርም ያታልላል። አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦ ባዶዋን 12 ቮልት ታሳያለች፤ ሶሌኖይዱ መሳብ ሲጀምር ግን ቮልቱ ይወድቃል። ስለዚህ ሶኬቱን ሳልነቅል፣ ሥራ ላይ እያለ ነው የምለካው። የዛገ ማሳም (የኔጋቲቭ ግንኙነት) ያው ነው። በሱ ጦስ ስንት ደህና ሪሌ ተጥሏል መሰላችሁ!

ሊሚት ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ «ተሠራ» ከሚል ባለሙያ ጋር ግን አልስማማም። በብዙዎቹ ማሽኖች ክንዱ ከፍ ሲል የጉዞውን ፍጥነት የሚቀንሰው እሱ ነው። እሱን ካስተኛችሁት በኋላ ማን ነው ቅርጫቱ ላይ የሚወጣው? እኔ አልወጣም።