ማንጎ ማንጎ የሚሸተው ጢስ

“ቬፕ ይሻላል ወይስ ሲጋራ?” የሚለኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄው ክፋት የለውም። ችግሩ ጠያቂዎቹ መልሱን በኪሳቸው ይዘው መምጣታቸው ነው። አንዱ “ጢስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው” ይላል። ሌላው “ውሃ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል!” ይላል። ሦስተኛው ደግሞ እህቱ እንግሊዝ አገር ስለምትኖር “እዚያ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመክሩታል” ብሎ ክርክሩን ይዘጋል። እኔ ስለ ዕቃ ማውራት የምወደው ዕቃውን ከፈታሁት፣ ከገጠምኩትና በአፌ ከሞከርኩት በኋላ ነው። በቀን ስምንት ዘጠኝ ሲጋራ ስለማጨስ ለፈተናው ብቁ ነኝ። እናላችሁ ዕድሉን ያገኘሁት የት መሰላችሁ? ቦሌ አይደለም። ሁምቦ!

ሁምቦን ለማታውቁ፦ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ወረዳ ናት፤ ከተማዋ ጠበላ ትባላለች። ዓለም ሁምቦን በምን እንደሚያውቃት ልንገራችሁና ሳቁ። በአየር ነው! ተራቁቶ የነበረውን 2,728 ሄክታር ተራራ ገበሬዎቹ መልሰው ደን አልብሰውት፣ ደኑ ከአየር ላይ የሚሰበስበው ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ተሽጧል። በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ የገባውም እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኛ ታዲያ በዚያ ተራራ ግርጌ ቁጭ ብለን ጢስ ስንገመግም ሰነበትን።

ዕቃዋን ያመጣት የአክስቴ ልጅ ነው። ከሁምቦም ከሶዶም ከሆሳዕናም የወጡ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዴት እንደጎረፉ ታውቃላችሁ፤ እሱም ጆሃንስበርግ ሱቅ ከከፈተ ስድስት ዓመቱ ነው። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ማለቴ ነው፣ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጣ። ድሮ በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ልጅ ነበር። አሁን ሲጋራ እርግፍ አድርጎ ትቷል። “በዚች ነው የተውኩት” ብሎ ከኪሱ አወጣት።

“ታንክ” ይሏታል። የጦሩ ታንክ አይደለም፤ የፈሳሽ መያዣ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት አለ። የአንደኛው ውስጡ ሲቃጠል ተጥሎ አዲስ ተገዝቶ ይገባበታል። የሁለተኛውን ውስጥ ግን ራስህ ነህ የምትሠራው፤ ሽቦውን ትጠመጥማለህ፣ ጥጡን ትከታለህ፣ ሲበላሽ አፍርሰህ እንደገና ትሠራለህ። የአክስቴ ልጅ ያላት ይቺኛዋ ናት።

ኩራዝ ታውቃላችሁ? የማያውቅ የከተማ ልጅ ቢኖር አያቱን ይጠይቅ። ኩራዝ ጋዝ አለው፣ ጋዙን የሚጠጣ ፈትል አለው፣ ጫፉ ላይ እሳት አለው። ታንኳም እንደዚያው ናት። ፈሳሹ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፣ ጥጡ ይጠጣዋል፣ በእሳቱ ፋንታ ግን የሚግል ሽቦ አለ። ሽቦው ከእናታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ባትሪው ያግለዋል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ አንተ ትስበዋለህ። በቃ! ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2003 ቤጂንግ ውስጥ መልክ ያስያዘው ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ ፋርማሲስት ነው። ራሱ አጫሽ ነበር፤ አባቱም በሳንባ ካንሰር ነው የሞቱት።

እንግዲህ ወደ ፈተናው። አሠራሩ ቀላል ነው ወይ?

ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ይወሰድና በ3 ሚሊ ሜትር ካቻቢቴ ዘንግ ላይ ስድስት ጊዜ ይጠመጠማል። ሁለቱ ጫፎች የሰናፍጭ ፍሬ በሚያካክሉ ብሎኖች ይታሰራሉ። አንዷ ብሎን ከእጅህ አምልጣ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች የዕለቱ ሥራህ እሷን መፈለግ ሆነ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ጥምጥም ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ የአክስቴ ልጅ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳታል። ግን ልብ በሉ፤ ይሄ የጌጥ ሥራ አይደለም። የጠመጠምናት ሽቦ 0.8 ኦም ትለካለች። በ3.7 ቮልት ባትሪ ስትሠራ 4.6 አምፒር ገደማ ነው የምትስበው፤ ባትሪው ይችለዋል። የሽቦው እግሮች ብረት ነክተው ልኬቱ ወደ 0.1 ቢወርድስ? 37 አምፒር! ብዙዎቹ ባትሪዎች ይህን አይችሉም። ይግላሉ፣ ይነፋሉ፣ ይፈነዳሉ። ዕቃዋ የምትሠራው አፍ አጠገብ መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ መለኪያ የሌለው ሰው ይህን ነገር በግምት ባይነካካው ይሻለዋል።

ጥጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ካበዛኸው ይታፈንና ፈሳሹ አይደርስም፤ ሽቦው ደረቅ ጥጥ ያቃጥላል፤ ያን ጊዜ ጉሮሮህ የሚቀበለው ነገር ከተቃጠለ የበግ ፀጉር አይለይም። ካሳነስከው ደግሞ ታንኳ ታንጠባጥባለች። የሁምቦ ቆላ ሙቀት ሲጨመርበት ፈሳሹ ይቀጥናል፤ የአክስቴ ልጅ የሱሪ ኪስ ሦስት ቀን ሙሉ ይጣበቅ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከጆሃንስበርግ ያመጣው ጥጥ አለቀ። ምን ተደረገ መሰላችሁ? አክስቴ ለጋቢ ያዘጋጀችውን ባዘቶ! የጥጡ ሰምና ቅባት እንዲለቅ አፍልተን፣ አድርቀን ከተትነው። ሠራ፤ እንዲያውም ከውጭው ጥጥ አላነሰም። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና “ወይ ጉድ! ሰው የሚለብሰውን ጥጥ ልታጨሱት ነው?” አለች።

እንግዲህ እዚያው ቤት ውስጥ ተፎካካሪ ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ጋያ ያጨሳሉ። ለማታውቁት፣ ጋያ ማለት ውሃ የያዘ ቅል፣ ቅሉ ላይ የተሰካ መቃ፣ አናቱ ላይ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት ሸክላ ነው። እሱም እኮ ፈተው የሚገጥሙት ነው! ቅሉ ሲሰነጠቅ ቅል ይለወጣል፣ መቃው ሲደፈን መቃ ይቆረጣል። መለኪያ የለ፣ ባትሪ የለ፣ መብራት ሄደ አልሄደ ግድ የለ። አጎቴ እያወሩኝ፣ ወሬውን ሳያቋርጡ ገጥመው ለኮሱት። በአሠራር ቅለት ጋያ ታንኳን በሰፊው ረትቷታል።

የአክስቴ ልጅ ታንኳን በሁለት እጁ አቀረበላቸውና “አጎቴ፣ እስቲ ይሞክሯት፤ ይቺ ሳል የላትም” አላቸው። አንዴ ሳቡ። ዝም አሉ። ከዚያ በወላይትኛ የተናገሩት ወደ አማርኛ ሲመለስ “ይሄ የሴቶች ሽቶ ነው፤ ትምባሆው የት ሄደ?” የሚል ነው። አስከትለውም በደንብ አድርገው ሳሉ። ሳሉ ግን የታንኳ አይደለም፤ የሃምሳ ዓመት የጋያ ሳል ነው። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሺሻ ቤት ተደብቃችሁ የምትቀመጡም ይህን ስሙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሰዓት ሺሻ የሚሳበው ጢስ በመጠኑ የአንድ ሲጋራን ከ100 እስከ 200 እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ሦስት ጠርሙስ ፈሳሽ ነበረው፤ ትምባሆ፣ ቡናና ማንጎ። ፈሳሹ በመሠረቱ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባሉ ነገሮች፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ነው። ግሊሰሪኑ ጢሱን ያበዛዋል፣ ሌላኛው ጣዕሙን ይሸከማል፣ ጉሮሮንም ቆንጠጥ ያደርጋል። የታንኳን የአየር መግቢያ ስታጠብበው ጣዕሙ ይጠነክራል፤ ስትከፍተው ጢሱ ይበዛል፣ ጣዕሙ ግን ይሳሳል። እኔ ከግማሽ በታች ጠብቦ ነው የተስማማኝ።

ትምባሆ የሚባለው ትምባሆ አይልም፤ ብስኩት ነገር ነው። ቡናውን ተዉት! ቡና በሚፈላበት አገር፣ ቅጠሉ ሳይቀር ተፈልቶ በሚጠጣበት በወላይታ ምድር፣ ያረረ ስኳር “ቡና” ብሎ ማቅረብ ድፍረት ነው። ማንጎው ግን... እውነቱን ልናገር፣ ማንጎው ግሩም ነው። የበሰለ ማንጎ ልጣጩ ሲገፈፍ የሚወጣው ሽታ ሳይቀር አለበት፤ መጨረሻው ላይ እንደ ከረሜላ ቀዝቀዝ ይላል። ሲጋራ አጭሼ እንዲህ “ልድገመው” ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ።

ጉዳዩም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ታናሽ ወንድም አለው፤ 14 ዓመቱ ነው። ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ የአጎቴ ጋያ በሩ ሥር ተደግፎ ነው የኖረው። አንድም ቀን አልነካውም። ለምን ይነካዋል? ይሸታል፣ ይመራል፣ ዓይን ያስለቅሳል። የኔን ሲጋራም ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል። ታንኳን ግን ገና በመጀመሪያው ቀን “ላሽትተው ብቻ” አለ። በሁለተኛው ቀን ሽቦ ሲጠመጠም ካቻቢቴ ያቀብላል። የልጅ ነገር፣ መሣሪያ ይወዳል ብለን ዝም። በስምንተኛው ቀን የማንጎው ጠርሙስ ከሚገባው በላይ ጎድሎ ተገኘ። ማታ ላይ ልጁ አጠገቤ ሲቀመጥ ሸሚዙ ማንጎ ማንጎ ይላል። በዚያ ቤት በዚያ ሳምንት ማንጎ የበላ ሰው የለም።

አክስቴ ምን እንደሸተተን አልገባትም። “ምነው ዝም አላችሁ?” አለች። ወንድሙ ምንም አልመለሰም፤ ተነሥቶ ታንኳን ፈታታትና ባትሪውን ለብቻ፣ ጠርሙሶቹን ለብቻ ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። በማግስቱ ልጁን ለብቻው ወስዶ አናገረው። ምን እንዳለው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ወንድምዬው ራሱ የሚስበው ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ሆነ።

መራራነት አጥር ነው። ጋያን ከዚያ ልጅ ሲጠብቀው የኖረው ሕግ አይደለም፣ የወላጅ ቁጣም አይደለም፤ የራሱ የጋያው ምሬት ነው። ማንጎው ያን አጥር ነቀለው። የአገራችን ሕግ አውጪም ይህ የገባው ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን፣ ሺሻንና ማጣፈጫ ያለበትን ትምባሆ በአንድነት ከልክሏል፤ ትምባሆ መግዣ ዕድሜንም 21 አድርጎታል። “ለምን ሲጋራው ተፈቅዶ ቬፑ ተከለከለ?” ብላችሁ ብትከራከሩ ክርክራችሁ ውሃ ያነሳል። ምክንያቱም ለነባር አጫሽ ኒኮቲን ያለው ቬፕ ሲጋራን ለማስተው ከኒኮቲን ፕላስተር የተሻለ እንደሚሠራ በጥናት ታይቷል፤ የሚቃጠል ቅጠል ስለሌለው መርዙም ያነሰ ነው። ያነሰ ማለት የለም ማለት ግን አይደለም። የአክስቴ ልጅም ተጠቅሞበታል፤ አልክድም።

እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ማለቴ ነው። በአሥረኛው ቀን ፈሳሹ አለቀ። ጥጥ ሲያልቅ ባዘቶ ነበረ፤ ፈሳሽ ሲያልቅ ምን አለ? ጠበላ የለም፣ ሶዶ የለም። ልጁ ከበር እስከ አጥር ይመላለስ ጀመር፤ ለእናቱ በቁጣ መለሰላት፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቃት። ከሰዓት በኋላ “ፋርማሲ ግሊሰሪን አለ፣ ለፀጉር የሚቀባው፤ እሱን ብንሞክርስ?” አለኝ። አይሆንም አልኩት። እናንተንም እላችኋለሁ። ለቆዳና ለፀጉር የተሠራ ነገር ለሳንባ አልተሠራም፤ ዘይትና ቅባትማ ጨርሶ አይነካካም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 በተለይ ከሐሺሽ በተሠራ የቬፕ ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ ቅባት የሰው ሳንባ ሲያበላሽ፣ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 68 ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል።

ማታ ሱቅ ሄዶ ሁለት ፍሬ ሲጋራ ገዝቶ መጣ። አጎቴ አዩትና ጋያቸውን ወደሱ ገፋ አደረጉለት፤ ለማሾፍ ሳይሆን በደግነት።

ስለዚህ ጠይቃችሁኛልና፦ ጣዕም፣ ግሩም። አሠራር፣ ትዕግሥትና መለኪያ ላለው ሰው እንጂ ለሌላው አይሆንም። ሲጋራ ለማቆም፣ ጠርሙሱ በየሱቁ በሚሸጥበት አገር ምናልባት፤ እኛ ጋ ግን ዕድሜው የሻንጣህን ያህል ነው። ጨርሶ አጭሶ ለማያውቅ ሰውማ ምኑ ይወራል! ቤታችሁ ከውጭ የመጣ እንግዳ ይዞት ከገባ ደግሞ ፈሳሹን ቆልፉበት። ኒኮቲን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው፤ ቢጠጣው ብቻ ሳይሆን ቆዳው ላይ ቢፈስም ይጎዳዋል፤ ከነካው ቶሎ በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ከጠጣው ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ትርፍ ባትሪውንም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ አትክተቱ።

የአክስቴ ልጅ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ባዶዋን ታንክ ሻንጣው ውስጥ፣ ባትሪውን አውሮፕላን ላይ እንደሚታዘዘው በእጅ ቦርሳው ይዞ። ከባዘቶው የተረፈውን አክስቴ ወስዳ ፈትላዋለች።