ከኋላዬ ማንም የለም

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ወንድማችን ስኖሞቢል፣ ያን በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር፣ ሊከራይ መሆኑን በደስታ ነገረን። ሁሉም አይዞህ ሲለው እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከበደኝና ማታ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የምጽፈው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ሚኒሶታ መጥተን ዓመታት በረዶ ስንፈራ ኖረን፣ አሁን በረዶው ላይ መጫወት ለጀመርን ሁላችን ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ጥንቃቄ በጎደለው አነዳድ ቲኬት ተጽፎብኛል። በመኪና አይደለም፣ በስኖሞቢል ነው። ከባለቤቴ በቀር ለቤተሰቤ እንኳ በወጉ አልነገርኩም ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ተወልዶ ያደገው ወደ ሰሜን፣ በረዶው ቶሎ ወርዶ ዘግይቶ በሚሄድበት አካባቢ ነው። አራት ሆነን ወጣን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ከመነሳታችን በፊት የእጅ ምልክቶቹን አስጠናኝ። ነዳጁ የሚሰጠው በቀኝ አውራ ጣት ስለሆነ ምልክቱ ሁሉ በግራ እጅ ነው። ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ልቆም ነው። ከፊት ለፊት ሰው ሲያጋጥም ደግሞ መሪው ከኋላው ስንት እንደቀሩ በጣቶቹ ያሳያል፤ ሦስት። ቀጥሎ ያለው ሁለት፣ ከዚያ አንድ። የመጨረሻው ሰው ጣት አያሳይም፤ ክንዱን አንስቶ ጡጫውን ይጨብጣል። አበቃ፣ ከኋላዬ ማንም የለም ማለት ነው።

የእኔ ሥራ ያ ጡጫ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ሊመሽ ሲል፣ ጓንቴ ውስጥ በረዶ ገብቶ ጣቶቼ ደነዘዙ። ቆምኩ፣ ጓንቴን አውልቄ አራገፍኩ፣ እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ አሞቅኩ። ቀና ስል የጓደኞቼ መብራት የለም። ከዚያ በኋላ የነበረኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ ልድረስባቸው። መንገዱ የእርሻ ማሳ ጥግ ጥጉን ይዞ ሄዶ አንድ የኮረኮንች መንገድ ያቋርጣል፤ ከማዶ የገበሬ ቤት አለ። ከማቋረጫው በፊት ትንሽ ቀይ የቁም ምልክት ተተክሏል። አይቼዋለሁ። ፍሬን ነካ አደረግሁ፣ የመኪና መብራት አለመኖሩን በዓይኔ ገረፍ አድርጌ አለፍኩ።

መንገዱ ዳር አንድ የሕግ አስከባሪ መኮንን መኪናውን አቁሞ ነበር። ወደ ማቋረጫው ስጠጋ ራዳሩ ያነበበው 42 ማይል ነው። በሚኒሶታ ትሬይል፣ ማለትም በስኖሞቢል መንገድ፣ ላይ የተፈቀደው ጣሪያ 50 ስለሆነ ይህን እንደ መከላከያ አነሳሁለት። ከዚያ፣ አሁን ሳስበው ፊቴ የሚቀላበትን ነገር ተናገርኩ።

«ምንም አልተፈጠረም እኮ።»

መኮንኑ አልተቆጣም። የእጅ ባትሪውን አበራና «ጌታዬ፣ ይምጡና ይዩ» አለኝ። ከማቋረጫው ማዶ፣ ከገበሬው ቤት በኩል፣ ትሬይሉን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የልጅ ቡት ዱካ ነበር። ከዱካው ጎን የላስቲክ መንሸራተቻ የተጎተተበት ለስላሳ መስመር። በረዶው አዲስ ስለነበር የቡቱ ጥርሶች እንኳ ይቆጠራሉ። ከዱካዎቹ ሁለቱ ግን ግማሽ ብቻ ነበሩ፤ ግማሹን የእኔ ስኖሞቢል ሰንሰለት አርሶታል።

ልጁ ሲያቋርጥ መኮንኑ ራሱ አይቶታል። ከእኔ በፊት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ያለፈው።

ቲኬቱን ተቀብዬ ተመለስኩ። ነገሩን የሰሙ ጓደኞቼ ዳኛ ፊት ቅረብና ያነሱልሃል፣ ማንንም አልገጨህ፣ ከፍጥነት ወሰን አላለፍክ አሉኝ። ሕጉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ልከራከርበት ብዬ። ሕጉ ግን ሰው ገጭተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። በቸልተኝነት የሌላውን ሰው ሕይወት ወይም ንብረት ለአደጋ የሚያጋልጥ አነዳድ ነው የሚከለክለው። መንገድ ከማቋረጥህ በፊት ሙሉ በሙሉ ቁም፣ ለሚመጣው ቅድሚያ ስጥ፣ በቀጥታ ተሻገር ይላል። ሃምሳ ማይልም ጣሪያ ነው እንጂ፣ እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በወረቀት ላይ አሰላሁት። በ42 ማይል ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 19 ሜትር እሄዳለሁ። መብራቱ ጥሩ ቢባል 60 ሜትር ያሳየኛል፤ ሦስት ሴኮንድ። ዓይኔ አይቶ እጄ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ተኩል አልቋል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ በቀረው ርቀት እቆማለሁ ብዬ ልምል አልችልም።

ክርክሩን ተውኩትና ቅጣቴን ከፈልኩ።

ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረችና፣ ባልደረባዬ መንገዱን እያሳየኝ ወደዚያ ገበሬ ቤት ሄድን። በር የከፈቱልን አንዲት አዛውንት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ ግቡ አሉን። የልጅ ልጃቸው ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከቤቱ ማዶ ያለችው ጉብታ ላይ ሊንሸራተት በየቀኑ ትሬይሉን ያቋርጣል፤ ምልክቶቹን ሁሉ ያውቃቸዋል። የዚያን ዕለት ዳር ቆሞ ጠበቀ። መሪያችን ሦስት ጣት አሳየው። ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ። ልጁ ጡጫ የሚያሳየውን የመጨረሻውን ሰው ጠበቀ፣ ጠበቀ። እግሩን ሲበርደው፣ ማንንም ሲያጣ፣ ተሻገረ።

ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሁለት ማይል ወደ ኋላ ጣቶቼን እያሞቅሁ ነበር።

አዛውንቷ አልወቀሱኝም። የነገሩኝ ስለ መሬታቸው ነው። ትሬይሉ የሚያልፈው በእሳቸው ማሳ ላይ ነው፤ በፈቃዳቸው። በየዓመቱ በረዶው ሳይወርድ የአካባቢው ክለብ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ምልክት ይተክላሉ። በዚህ ግዛት ከ22 ሺህ ማይል በላይ የስኖሞቢል መንገድ አለ፤ አብዛኛውን የሚጠርጉትና የሚደለድሉት እንደነዚህ ያሉ ክለቦች ናቸው፣ ብዙውም የሚያልፈው በግል መሬት ላይ ነው። አንድ ባለ መሬት በቃኝ ካለ መስመሩ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ከምልክቱ ወጥቶ አልፋልፋ ላይ የነዳ ሰው ምን እንዳደረገ ላይገባው ይችላል፦ በረዶ ሲጠቀጠቅ ከታች ያለውን ሥር ከብርድ መከለሉ ይቀንሳል፣ ተክሉ ጸደይ ሲመጣ አይነሳም። እኔ መንገድ ብዬ የነዳሁበት የሰው ጓሮ ነው።

አያቴ ትዝ አሉኝ። ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ ሰው ቤት ሲሄዱ ገና ከሩቅ፣ ውሻ ሳይጮህ፣ ቆም ብለው «ቤቶች!» ይሉ ነበር። ሰው መኖሩን ሳያውቁ፣ ሰውም መምጣታቸውን ሳያውቅ፣ አንድ እርምጃ አይጨምሩም። ያቺ ትንሽ ቀይ የቁም ምልክት ያው ናት፣ «ቤቶች!» የምትባልበት ቦታ። እኔ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ሆኜ የሰው ደጅ በ42 ማይል ተጠጋሁ።

«ምንም አልተፈጠረም» የምትለዋን ቃል ብዙ አሰብኩባት። አገር ቤትም ስናሽከረክር፣ እዚህም የጭነት መኪና ስንነዳ፣ ለጥቂት ስናመልጥ እንላታለን። እግዚአብሔር አወጣህ ይሉናል፣ እኛም አሜን ብለን በዚያው እንቀጥላለን። ልጁን ያተረፈው ግን የእኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ ቀደም ብሎ እግሩን መብረዱ ነው።

ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ ከመውጣትህ በፊት ጥቂት ነገር ስማኝ። እ.ኤ.አ. ከ1976 በኋላ የተወለድን ሁሉ የደኅንነት ኮርሱን ወስደን የምስክር ወረቀት መያዝ አለብን፤ ኮርሱን ተቻኩለህ አትጨርሰው፣ እኔ ተቻኩያለሁ። ሐይቅ ላይ ከሆነ በረዶው ቢያንስ አምስት ኢንች መሆኑን ለክተህ እወቅ፤ አምስት ኢንችም ዋስትና አይደለም። ጠጥተህ ፈጽሞ አትንዳ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ቺሳጎ ሐይቅ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ የ8 ዓመት ልጅ በሰከረ ሰው ስኖሞቢል ተገጭቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፤ አሁን በመኪናም ሆነ በስኖሞቢል ሰክሮ ነድቶ የተፈረደበት ሰው ሁለቱንም መንዳት ይከለከላል። ከመካከላችን ስንቱ በመንጃ ፈቃዱ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ታውቃለህ።

ደግሞ ይህችን ማሽን ከመናቅ ወይም ከመፍራት ታሪኳን ብታውቅ እወዳለሁ። ስኪዱ የተባለውን ስኖሞቢል የሠራው የኩቤኩ ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬ እ.ኤ.አ. በ1934 ትንሽ ልጁን በሕመም አጥቷል፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው አልቻለም። በበረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ጉዳይ ቀድሞም ሥራው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆኖበት መሆን አለበት።

ባለፈው ጃንዋሪ እዚያ ማቋረጫ ተመልሼ ደረስኩ። ያው አራት ነን፣ እኔ ከኋላ። የቁም ምልክቱ ጋ ቆምኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ አየሁ። አንድ ፒክአፕ አሳለፍኩና ቀስ ብዬ ተሻገርኩ። ልጁ ዳር ላይ ቆሟል፤ ቁመቱ ጨምሯል፣ የመንሸራተቻውን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞታል። ዓይኑ እጄ ላይ ነው። ግራ ክንዴን አንስቼ ጡጫዬን ጨበጥኩ፣ እስኪያይ ድረስ አላወረድኩትም። ራሱን ነቀነቀ። እኔ ካለፍኩ በኋላ ዞር ብዬ ሳይ፣ ገመዱን እየጎተተ እየተሻገረ ነበር።