የራዲዮና የባትሪ ነገር

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ስንጽፍ የኢንጂኔሪንግ ወንድሞቻችን ይሳቁ፤ በመኪና ላይ ካስገጠምነው የአማተር ራዲዮ የተማርነውን ግን አንደብቅም።

በ100 ዋት ስንናገር ራዲዮው 20 አምፔር ያህል ይስባል፤ ንግግሩ ግን ለአፍታ ነው። ባትሪውን የሚጨርሰው ተከፍቶ የተረሳ ራዲዮ ነው። ለማዳመጥ 1 አምፔር ብቻ ቢወስድም፣ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ጠዋት 48 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የ60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሞተር ለማስነሳት አቅም ያጣል።

ስለዚህ ሁለቱንም ሽቦዎች በየፊውዛቸው አድርገን በቀጥታ ከባትሪው ስናገናኝ፣ የመኪናው ቁልፍ ሲዘጋ መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌ በመካከል አስገባን። ሞተሩ ጠፍቶ ማዳመጥ ቢያስፈልግም ቮልቱ ወደ 12 ሲወርድ እናቆማለን።

ወሬ ለነገ ይቆያል፤ በሌሊት ሐኪም ቤት መድረስ ያለበት ሕመምተኛ ጓደኛ ግን አይቆይም።