«ልማር ነው የመጣሁት»

የሽጉጥ ተኩስ ውድድር ሲነሳ ሁሌም ትዝ የሚለኝ ሃንጋሪያዊው ወታደር ካሮይ ታካች ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን፣ ያውም የሚተኩስበትን፣ ጎዳው። እሱ ግን ለማንም ሳይናገር በግራው መለማመድ ጀመረ።

በ1948 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ብቅ ሲል የዓለም ሻምፒዮኑ አርጀንቲናዊው ሳኤንዝ ቫሊየንቴ ገርሞት «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ቢለው፣ «ልማር ነው የመጣሁት» አለ። ከዚያ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ፣ አምስት ዒላማ በጥቂት ሰከንድ በሚመታበት፣ 580 ነጥብ አምጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ወርቁንም ወሰደ።

ብር ያገኘው አርጀንቲናዊ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «በቃ፣ በደንብ ተምረሃል!» ተሸንፎ እንዲህ የሚጫወት ሰው ስወድ!

ታካች በ1952 ሄልሲንኪ ላይም ወርቁን ደገመው፤ በዚያችው ግራ እጁ።