በርተን በላቲን የጻፈው ገጽ

ጅቡቲ ከተማ፣ ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ያለው አደባባይ ዛሬ በነጻነት ታጋዩ በማሕሙድ ሐርቢ ስም ይጠራል። ቀድሞ የራምቦ አደባባይ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ በ1885 እና በ1886 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ታጁራ ላይ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ የቅፍለት መነሻ ሲጠብቅ ከርሟልና ስሙ በዚህ አገር መተከሉ አያስገርምም። ሠላሳ ዓመት ቀድሞት በዚሁ ዳርቻ ያለፈው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ግን የአደባባይ ስም አልተረፈለትም። ይሁንና የዚህ አካባቢ ሕዝብ በሩቁ ዓለም እንዴት እንደታወቀ፣ እንዴትም እንደተሳሳተ ሊረዳ የሚሻ ሰው ከራምቦ ይልቅ በርተንን ቢያነብ ይበጀዋል። ራምቦ እዚህ ሲደርስ ግጥም መጻፉን ትቶ ነበር፤ በርተን ግን ያየውንም የሰማውንም ጻፈ።

በ1854 መገባደጃ ከኤደን ተነሥቶ የሙስሊም ነጋዴ ልብስ ለብሶ ዘይላ ወረደ። ጅቡቲ ገና አልተቆረቆረችም፤ የሐረር ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣው በዘይላ በኩል ነበር። እዚያ አንድ ወር ያህል ሰንብቶ ወደ ደጋው አቀና፤ በጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ፤ ዐሥር ቀን ቆይቶ ወጣ። መጽሐፉ በ1856 ለንደን ታተመ። እነዚያ ዐሥር ቀናት ይኸው ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሐረርን ሲገልጹ ኖረዋል።

ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ታሪክ በርተን እንደ ዓረብ ተሸሽጎ ወደ ከተማይቱ እንደገባ ይተርካል። የራሱ መጽሐፍ የሚለው ሌላ ነው። ግንቡ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ማስመሰሉን ትቶ እንግሊዛዊነቱን ገለጠ፤ ከኤደኑ የእንግሊዝ ሹም የተላከ የሚመስል ደብዳቤም በገዛ እጁ ጽፎ ያዘ። አሚር አሕመድ ይህን ሰው ተቀብለው አሳደሩት፤ በሰላምም አሰናበቱት። በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስፈሩት ግን አሚሩ ናቸው፤ የሐሰት ደብዳቤ ያቀረበው እንግዳ ጀግና ሆኖ ወጣ! «የተከለከለችው ከተማ» የሚለው ቅጽልም ከዚያ ወዲህ በጎብኚዎች መጻሕፍት ውስጥ ሲገለባበጥ ኖረ። ለመሆኑ ለማን ነበር የተከለከለችው? የኦሮሞው ገበሬና የሶማሌው ባለ ግመል በአምስቱ በሮች ሲገቡና ሲወጡ ኖረዋል።

በርተንን በንቀቱ ብቻ መዝኖ መጣል ግን አይቻልም፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ስለ ሶማሌዎች ጠባይ ዛሬ ለማንበብ የሚያሳፍር ነገር የጻፈው ያው እጅ፣ አገሩ በገጣሚ የሞላ መሆኑን፣ የፊደል ጽሕፈት የሌለው ሕዝብ ለቃል ያለውን ጥንቃቄ በአድናቆት መዝግቧል። ሶማሌዎችን «የባለቅኔዎች ሕዝብ» ማለትን ያስለመደው ይኸው ምስክርነት ነው፤ የሶማሊኛን ግጥም ያጠኑ ምሁራንም ደጋግመው ይጠቅሱታል። የሐረሪን ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝርም ከመጽሐፉ ጋር አያይዞ አሳትሟል። ሰድቦ ያቆየ ሰው ነው፤ ስድቡንና ቅርሱን ከአንድ ገጽ ላይ ነጣጥሎ ማንሣት አይቻልም።

ጉዞው በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በርተን ለሌላ ጉዞ በርበራ ላይ ሰፍሮ ሳለ በኤፕሪል 1855 ሌሊት አደጋ ተጣለበት፤ አንድ ጓደኛው ሞተ፣ እሱም ጉንጩን ከዳር እስከ ዳር በጦር ተወጋ። በምላሹ የኤደን እንግሊዞች ዳርቻውን በባሕር ዘጉት። ለጥቂት ሰዎች ድርጊት ከገበያው የሚኖረው ሁሉ ዕዳ ከፈለ።

ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን ያልታተመው ገጽ ነው። በርተን በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ሴቶች መገረዝና መሰፋት አንድ ክፍል አዘጋጅቶ ነበር። የጻፈው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በላቲን ነው፤ የተማሩ ወንዶች እንዲያነቡት፣ የቤት እመቤቶች ግን እንዳይረዱት። አሳታሚው ይህም አልበቃውምና ክፍሉን ከአብዛኞቹ ቅጂዎች አስቀረው። ኋላም ካማ ሱትራንና የሺህ ከአንድ ሌሊት ተረቶችን ሲያሳትም፣ የጸያፍ ጽሑፍን ሕግ ለማምለጥ በግል ለተመዘገቡ ገዥዎች ብቻ አወጣቸው። በ1890 ሲሞት ሚስቱ ኢዛቤል የመጨረሻውን የትርጉም ረቂቁን በእሳት አቃጠለችው። ያ ዘመን እንዲህ ነበር፤ ከማወቅ ይልቅ ሌላው ሰው እንዳያውቅ መከልከል የበለጠ ያስጨንቀው ነበር።

የዘይላና የበርበራ ሴቶች፣ እርግጥ ነው፣ እንግሊዝኛውንም አያነቡም ነበር። ቢሆንም የገዛ ገላቸው ጉዳይ በሁለት ቁልፍ ተቆልፎ በሦስተኛው ተሰወረ፦ በባዕድ ቋንቋ፣ በሙት ቋንቋ፣ በመጨረሻም በአሳታሚ መቀስ። በርተን ልማዱን ለማስቀረት አልጻፈውም፤ እንደ ብርቅ ነገር ነው የመዘገበው። ሴቶቹ ምን እንደሚሉ አለመጠየቁንም አሳታሚው እንደ ጉድለት አልቆጠረበትም።

ጅቡቲ ይህን ልማድ በ1995 በወንጀለኛ መቅጫ ሕጓ ከለከለች፤ ኢትዮጵያም በ2004 በወጣው የወንጀል ሕጓ። ሕጉ ልማዱን አላጠፋውም፤ በሁለቱም አገሮች ዛሬም አለ። ዳሩ ግን በርተን በላቲን የሸሸገው ነገር አሁን በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ በግልጽ ይነገራል። ከተናጋሪዎቹም መካከል የዚያ ገጽ አንባቢ እንዲሆኑ ከቶ ያልታሰቡት ሴቶች ይገኛሉ።