የሐይቁ ባለ በረንዳ ቤት

እንግሊዞች ከ1714 እስከ 1830 እ.ኤ.አ. ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው በነገሡበት ዘመን የሠሯቸውን የከተማ ቤቶች በነገሥታቱ ስም «ጆርጂያን» ይሏቸዋል። ከእነዚህ አንዱ በጥንታዊ ከተማ መካከል ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጩ አስቀድሞ የሚያወሳው ዕድሜውን ነው። በጥብቅ ሕንፃነት ከተመዘገበ ደግሞ ገዥው ያለ ፈቃድ መልኩን ሊለውጥ አይችልም። በእኛ ከተሞች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የቤት ዕድሜ ከዋጋ ላይ የሚቀነስ ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል።

ይህን በግልጽ ያስተዋልሁት ከደሴ በስተሰሜን፣ ወደ ውጫሌና ወደ ወልድያ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ ነው። ሐይቅ ሲባል ሁሉም የሚያስበው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ተገቢም ነው። የከተማይቱን ቤቶች ግን የሚያነሣ የለም። በመንገዱ ዳር አንድ ባለ በረንዳ ቤት እንደሚሸጥ ሰምቼ አንድ የሥዕል መምህር ወዳጄን አስከትዬ ከደላላው ጋር ሄድሁ፤ ለመግዛት ሳይሆን ለማየት።

ምሰሶውና ወራጁ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው የሐበሻ ጥድ ነው። ግድግዳው ጭድ ገብቶበት፣ ለብዙ ቀናት እየተረገጠና እየቦካ በሰነበተ ጭቃ የተመረገ ነው። እንዲህ ያለው ወፍራም ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ዛሬ በየቦታው የምናየው ስስ የብሎኬት ግድግዳ ይህ ጠባይ የለውም። የበሩ ሳንቃ ዋንዛ ነው፤ ከመዳፍ ብዛት እጀታው አጠገብ እንደ ቀንድ አብረቅርቋል። በረንዳው ገበያተኛ ዝናብ ሲመጣበት የሚጠለልበት፣ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበት ነው። የባለቤቱ ንብረት ሲሆን ጥላው የመንገደኛው ነው።

ደላላው ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሼ፣ ቤቱን ምን ያደርጉታል? ገዥ የሚፈልገው ቦታውን ነው» አለኝ።

አነጋገሩ ከሕግ ጋር ሲነጻጸር ያስደንቃል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የከተማ መሬት አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። ሊሸጥ የሚችለው ቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ፣ በልብ የሚገዛው ግን መሬቱ ነው፤ ውሉ በተፈረመ ማግሥት የሚፈርሰውም ያው በወረቀት የተሸጠው ነገር ነው። (የ1967ቱ አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ስለፈቀደ ይህ ቤት እስከ ዛሬ ከባለቤቶቹ እጅ አልወጣም።)

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 209 አለ። ዳሩ ግን ቅርስ ሲባል ዐይናችን የሚሮጠው ወደ ገዳምና ወደ ቤተ መንግሥት ነው። በደሴ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን የማያውቅ የለም፤ ግብር የበላው ሰው ማታ ገብቶ የሚያድርበትን ቤት ግን ማን መዘገበው? ኪነ ሕንፃን ከጌቶች አዳራሽ ብቻ የምንማር ከሆነ የአብዛኛው ሕዝብ የአናጺነት ጥበብ ከነስሙ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ ለቤቱ ባለቤት፣ ለአሮጊቷ እማማ፣ ቡና እየጠጣን አስረዳኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ደግ ብለሃል» አሉ። «ነገር ግን ስሞት ልጆቼ ሲካሰሱበት ከሚፈርስ፣ በሕይወት ሳለሁ ሸጬ ባካፍላቸው ይሻላል። ለጣሪያው ቆርቆሮ የሚገዛልኝ አለ?»

እውነታቸውን ነው። ቤቱ እንዳይነካ የሚሻው እንደ እኔ ያለው ተመልካች ከኪሱ አንዲት ሳንቲም አያወጣም፤ ዝናቡ የሚያፈስሰው በእሳቸው መኝታ ላይ ነው።

መምህሩ አልተከራከረም። ሜትርና ወረቀት አውጥቶ ከበረንዳው ጀምሮ መለካትና መንደፍ ያዘ፤ እኔም የሜትሩን ጫፍ ያዝሁለት። በረንዳው 9.20 ሜትር ሆነ። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ጨርሰን ወረቀቱን ልናጥፍ ስንል እማማ ከምድጃው አጠገብ ሆነው፣

«ጓዳውንስ? ጓዳውን ተዋችሁት እኮ፤ ስድስት ልጅ የወለድሁት እዚያ ነው» አሉ።

ጓዳው 2.40 በ3.10 ሜትር ነው።