ከመራዊ ገበያ እስከ ዘጌ፦ የዕንቁላል ቅርፊት ጥበብ

መራዊ ከባህር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሜጫ ከተማ ናት። 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ ግድብም በአቅራቢያዋ ነው። በገበያዋ ስንዘዋወር ዓይናችንን የሳበው ግን ዕንቁላል ተራው ነበር። ገዢዎች አንድ በአንድ እያነሱ፣ ከፀሐይ ትይዩ አድርገው ይመረምራሉ። ብርሃን የሚያሳልፈው ይህ ቅርፊት ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን! አስኳሉ ከተበላ በኋላ ቅርፊቱን ማን ያስታውሰዋል? የሰው ልጅ ግን ከጥንት ጀምሮ አልናቀውም። በደቡብ አፍሪካ ዲፕክሉፍ በተባለ የዋሻ መጠለያ፣ 60 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ መስመር የተቀረጸባቸው የሰጎን ዕንቁላል ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከባህር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ብንሻገር በኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሰጎን ዕንቁላል እናያለን። በኢስታንቡል ታላላቅ መስጊዶችም ከመብራቶች መካከል ይንጠለጠል ነበር፤ ሸረሪትን ያርቃል ይባላል። በቁርኣንም በሱረቱ አስ-ሷፍፋት ዕንቁላል የንጽሕናና የመጠበቅ ምሳሌ ሆኖ ተወስቷል።

ቅርጹ እንዴት ይሠራል? ዕንቁላሉ ከላይና ከታች በመርፌ ይበሳል፤ ውስጡ በትንፋሽ ተገፍቶ ይወጣል፤ እርሱም ለምግብ ይሆናል እንጂ አይደፋም። ቅርፊቱ ታጥቦ ሲደርቅ ንድፉ በእርሳስ ይሳልበታል። ከዚያም ባለሙያዎች የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ በሚመስል ቀጭን መሣሪያ እንደ ዳንቴል ይፈለፍሉታል። ዱቄቱ ለሳንባ ስለማይበጅ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል።

መሣሪያው ለሌለው ቤተሰብም መንገድ አለ። ነጭ ዕንቁላል ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ጋር ሲቀቀል ቡናማ ቀለም ይይዛል። ከቀዘቀዘ በኋላ በመርፌ ጫፍ በቀስታ ሲፋቅ፣ ቅጠሉና ሐረጉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የሰጎን ዕንቁላል ግን ከዱር አይነሣ፤ በአገራችን የምትገኘው የሶማሌ ሰጎን ቁጥሯ እየመነመነ ነው።

የዚህ ጥበብ ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው። የብዙ ሰዓት ልፋት በአንዲት የጣት ጫና ይሰበራል፤ ያኔ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ቅርፊቱን ከመጣላችሁ በፊት ለልጆቻችሁ እርሳስና መርፌ ስጧቸው፤ ትንንሾቹንም አጠገባቸው ሆናችሁ አሠሯቸው። ዛሬ የሚፋቀው ቅጠል ነገ የእጅ ሙያ ሊሆን ይችላል። አበው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለጫጩቱ ብቻ አይደለም፤ ለሚማር እጅም ነው።